የእትዬ ካውያ በርሜል

ያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ነጎድጓድ የለው፣ ንፋስ የለው፣ ጣሪያው ላይ ሹክ ሹክ እያለ ሲወርድ ይውልና ወደ ማታ እንደ ጨዋ እንግዳ ድምፁን ሳያሰማ ይሄዳል። እኔ ያኔ ሆዴ ገና መግፋት መጀመሩ ነው። ወንበሬን መስኮቱ ሥር አስጠግቼ የረጠበ አፈር ማሽተት ብቻ ነበር የሚያምረኝ። ሌላዋ እርጉዝ ጎምዛዛ ያምራታል፣ እኔን የዝናብ ሽታ አማረኝ። ያ ዝናብ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ የዱቄት ሙጫና የተተኮሰ ጨርቅ ሽታ ይመጣና ይሸፍነዋል። ነገሩ የኔ አይደለም፤ የባለቤቴ እህት ነገር ነው።

እትዬ ካውያ እንላታለን። ስም ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም፤ በስሟ የሚጠራት ግን ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው ላውንደሪ ልብስ ተኳሽ ነበረች። እናታቸው ስትሞት ባለቤቴ ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር፤ እሷም ልጅ ነበረች፤ ልጅ ልጅን አሳደገ። መጀመሪያ አንገትጌ ፈታጊ ሆና ገባች። ቁመቷ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ካውያ ሰጧት፤ ከዚያ ወዲህ ካውያውን ከእጇ የነጠቀ የለም። ግራ ክንዷ ላይ የካውያ ጫፍ ያተመው ጠባሳ ነበራት፤ የተቆጣች እንደሆነ እሱን ነበር የምታሸው፤ እኛም ከዚያ እናውቃለን። ለምን አላገባሽም ሲሏት፣ «ወንድ እንደ ሸሚዝ ነው፤ አንገቱን መጀመሪያ ካላቀኑት ሌላው አይቃናም። ቀኑን ሙሉ አንገት ሳቀና ውዬ ማታ ደግሞ ሌላ አንገት?» ትላለች።

ሕንጻው አሮጌ ነው፤ እኛ የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ነበርን። ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ኩሽና። አንዱ ክፍል የኔና የባለቤቴ፣ አንዱ የእሷ። ተድሬ የገባሁ ለት «ሙሽሪት» አለችኝ፤ ዓመታት አልፈው፣ ጸጉሬ ሸብቶ፣ አሁንም ሙሽሪት ነኝ።

ስለ ሥራዋ አንድ ነገር ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ልብስ ከመተኮሱ በፊት ትንሽ መርጠብ አለበት። የድሮ ተኳሾች ውሃውን በአፋቸው ይይዙና ጉንጫቸውን ነፍተው በጥርሳቸው መሃል ፍፍፍ ያደርጉታል፤ እንደ ጉም ሆኖ ነው ልብሱ ላይ የሚያርፈው። በእጅ የተረጨ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ የአፍ ግን እኩል ነው። እትዬ በዚህ አቻ አልነበራትም። ታዲያ ውሃው የቧንቧ መሆን የለበትም። የሰፈራችን ቧንቧ የዛገ ነው፤ ጠዋት ሲከፍቱት መጀመሪያ የሚተፋው ሻይ የመሰለ ነገር ነው፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ ብሎ ካውያ ካለፈበት ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ለተኳሽ ደግሞ ነጠብጣብ ማለት ፊት ላይ እንደተተፋ ነው። ስለዚህ ላውንደሪው የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅምበት ነበረው፤ እትዬም እኛ ጣሪያ ላይ ከአሸንዳው ሥር የራሷን በርሜል አቁማ ነበር። ክዳኑን ከፍታ፣ ቅጠሉን ለቅማ፣ በስስ ጨርቅ አጥልላ ትቀዳለች። «ከሰማይ የወረደ፣ የሰው እጅ ያልነካው» ትለዋለች፤ ስለ ቅቤ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

እኔ ከዚያ እርግዝና በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። ሁለቴም እትዬ ለሕፃኑ ያዘጋጀችውን መጠቅለያ አጣጥፋ ወደ ቁም ሳጥኑ ታችኛ መሳቢያ መለሰችው፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ። በሦስተኛው ጊዜ ሆዴ ሲታወቅ መሳቢያውን ከፈተች። ጨርቆቹን እንደገና አጠበች፣ በዝናብ ውሃዋ እየረጨች ተኮሰች፣ ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥማ እንደ አዲስ መጽሐፍ ደረደረችና አልጋዬ ፊት ለፊት ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። መሳቢያ ውስጥ አይደለም፤ የሚታይ ቦታ።

«ይሄኛው ይጸናል» አለች።

«በምን አወቅሽ እትዬ?»

«አሁን አንቺ ምን አገባሽ? አንቺ ብቻ ተሸከሚ።»

እንግዲህ በዚያ መሃል ነው ራዲዮው ሩቅ አገር ያለ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ፈንድቶ ተቃጠለ ያለው። የቦታውን ስም ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም። የሰው ቤት እሳት መሰለንና «ምስኪኖች» ብለን ሾርባችንን ጠጣን። ቆይቶ ግን ጭሱ ደመና ሆኖ፣ በንፋስ እየተገፋ ወደኛም እንደደረሰ፣ ያ የምወደው ለስላሳ ዝናብም የጨረር አቧራውን ይዞት እንደወረደ ተነገረ። ከዚያ ምክሩ መጣ። መስኮት ዝጉ። ጫማችሁን ውጭ አውልቁ። ቤት በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፤ አቧራው እንዳይነሳ። የጎመንና የሰላጣ የላይ ቅጠሉን ጣሉ፣ የቀረውን እጠቡ። ሜዳ ላይ ሣር የጋጠች ላም ወተት ይቅርባችሁ። የዝናብ ውሃ አትጠጡ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች በተለይ ይጠንቀቁ።

«በተለይ» የሚለው ላይ እትዬ ዞራ አየችኝ። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ወዲያው ተነስታ መስኮቴን ዘጋችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እሷ ደግሞ ሊደርስ ሲመጣ በሩ ላይ ጠብቃ የምትገጥም ሴት ናት። በማግስቱ ከላውንደሪው ቶሎ ተመልሳ ዱቄት በውሃ አፍልታ ሙጫ ሠራች፤ ጋዜጣ ቀዳድዳ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ ለጠፈችበት። የሙጫው ሽታ ያኔ ነው ቤቱ ውስጥ የገባው። ከበራችን ውጭ ደረጃው ላይ የጫማ ሳጥን ተቀመጠ፣ አጠገቡ የኮት ማንጠልጠያ፣ ደፉ ላይ እርጥብ ጆንያ። ባለቤቴ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከመቶ ሰው ጋር ተጋፍቶ ነው የሚመጣው። እሱን ደረጃው ላይ እስከ ውስጥ ልብሱ አስወልቃ፣ ጸጉሩን በእርጥብ ጨርቅ ፈትጋ፣ ጆሮውን ገልብጣ አይታ ነው የምታስገባው።

«እትዬ፣ ሰው ያየኛል!»

«ሰው አይቶህ አያውቅም እንዴ? እኔ አጥቤህ ነው ያደግከው። ዞር በል።»

ምድር ቤት ብስክሌት ጠጋኝ ነበረ፤ እጁ ዘይት፣ አፉ ቀልድ የሆነ ሰው። ከእትዬ ጋር ሳይነካከሱ አይውሉም። ጠዋት ስትወርድ ጠብቆ ይጀምራታል።

«ካውያ! ወንድምሽን ደረጃ ላይ ራቁቱን አቆምሽው አሉ።»

«አንተም ታጠብና ልይህ፤ ከሥሩ ሰው ይወጣ ይሆናል።»

«እኔማ ምን ቸገረኝ! ከላይ እስከ ታች ዘይት ነኝ፤ ጨረሩ ሲመጣ ተንሸራቶ አንቺ ላይ ነው የሚወድቀው።»

«እስቲ ሳቅ። ራዲዮ አትሰማ፣ ሰው አትሰማ።»

«እሰማለሁ እንጂ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር አሉ። አንቺ ግን ገንፎውን ትተሽ ስንጥሩን ብቻ ልትበዪ ነው።»

እሷ ግን ሳቀችም አልሳቀችም ሥራዋን አትተውም። ወተት ከቤታችን ቀረ፤ በቆርቆሮ የታሸገ የዱቄት ወተት ፈልጋ አመጣች። ጥቅል ጎመኑን ስትልጠው ስትልጠው የሚቀረው እንደ ሎሚ ነበር። ድንች በቧንቧ ውሃ ሦስቴ ታጥቦ፣ ተልጦ፣ እንደገና ይታጠባል። እኔ መስኮት ክፈቱልኝ እያልኩ እለምናለሁ።

«አንዴ ብቻ እትዬ። ሽታው አማረኝ።»

«አየሩ አያልቅም ሙሽሪት። ዘንድሮ ባታሸቺው ለከርሞ ታሸቺዋለሽ። በልጅሽ አፍንጫ ጭምር።»

ከሁሉ በላይ ግን መወልወሉ ነበር። ጠዋት ሳትሄድ፣ ማታ ስትመለስ ተንበርክካ ትወለውላለች። ከኔ አልጋ ሥር ትጀምራለች፤ የአልጋውን እግር፣ መደርደሪያውን፣ ትራሴ የሚነካውን ግድግዳ። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ትነክራለች፣ ትጨምቃለች፣ ትወለውላለች፣ ትነክራለች። እንቅልፌ ሲመጣ የምሰማው የዚያን ጨርቅ ጭምቅታ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ስትሞት ገና ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ለኔ ብሎ የተንበረከከ ሰው አላየሁም።

ባልዲው የሚሞላው ታዲያ ከጣሪያው በርሜል ነው። ይሄ ለማናችንም አልታየንም። የቧንቧው ውሃ እኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣው እየተንጠባጠበ ነው፤ ለመጠጥና ለማብሰያ ቢበቃ ነው። ደግሞም በዛገ ውሃ የተወለወለ ወለል መስመር መስመር ይሠራል፤ እሱን እትዬ ቤት ማጽዳት አትለውም፤ ማቆሸሽ ነው። ራዲዮው የዝናብ ውሃ አትጠጡ አለ፤ እሷም አላጠጣችንም፤ ጠብታ አላጠጣችንም። የሚጠጣ ውሃ ኩሽና፣ የሥራ ውሃ ጣሪያ። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው እንደዚያ ነው። በአፏ ስትይዘውም ቢሆን መልሳ ትረጨዋለች እንጂ አትውጠውም፤ ተኳሽ ውሃ ጠጣ አይባልም።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ ከከተማው ጤና ቢሮ የመጡ ሰዎች በየሰፈሩ እየዞሩ መለካት ጀመሩ። ገበያውን ለኩ፣ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ለኩ፤ ከዚያ ወደየቤቱ መጡ። እኛ ጋ የመጣችው ወጣት ልጅ ናት፤ ትከሻዋ ላይ ማሰሪያ ያለው ሳጥን አንግታለች፤ ከሳጥኑ በሽቦ የተያያዘ ዘንግ በእጇ ይዛለች። ሳጥኑ ጨረር ሲያገኝ ጠቅ ጠቅ ይላል። ብስክሌት ጠጋኙ ሥራውን ጥሎ ተከትሏት ወጣ።

«የካውያን ቤት ሳላይማ አልቀርም። ሽልማት ሳታገኝ አትቀርም» ይላል።

እትዬ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ንጹሕ ሽርጥ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። ልጅቷ ዘንጉን ጫማዎቹ ላይ ስትዘረጋ ጠቅ... ጠቅ... አለ። ጆንያው ላይ ትንሽ ፈጠን አለ። «ደረጃው ላይ ያስቀራችሁት ደግ አድርጋችኋል» አለች። እትዬ ወደ ጠጋኙ ዞራ ቅንድቧን አነሳች፤ ሰማህ ማለቷ ነው። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ኮሪደሩ ላይ ሳጥኑ ዝም ሊል ምንም አልቀረውም።

ወደኔ ክፍል ስትገባ ግን ጠቅታው ፈጠነ። አልጋው አጠገብ ስትደርስ ከጫማው ይልቅ በረታ። ልጅቷ ሳጥኑን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች፣ እንደገና ገባች። እዚያው ነው።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?»

«ምንም የለም» አለች እትዬ። «ከቤቱ ሁሉ አብልጬ የምወለውለው እሱን ነው።»

ልጅቷ ዙሪያውን አየች። በሩ ጥግ ባልዲው አለ፤ ጠርዙ ላይ ጨርቁ ተሰጥቷል። ዘንጉን ወደ ጨርቁ ስታስጠጋው ሳጥኑ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሆነ።

«ውሃው ከየት ነው?»

ጠጋኙ ኮፍያውን አወለቀ።

«ከጣሪያ» አለች እትዬ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነ። «አይጠጣ ነው ያላችሁት። አላጠጣኋትም። ልጄ፣ አንድ ጠብታ አላጠጣኋትም!»

«አውቃለሁ እናቴ። ግን አቧራው ዝናቡ ውስጥ ነው ያለው። ጨርቁ እየሰበሰበ እዚህ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።»

እትዬ ክው አለች። ጠባሳዋን ያዘች፤ ግን አላሸችውም፤ ያዘችው ብቻ። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ወደ መደርደሪያው ሄዳ የሕፃኑን መጠቅለያዎች እንዳሉ አነሳችና ልጅቷ ፊት አቀረበቻቸው፤ ክንዷ ላይ ዘርግታ። ዘንጉ ሲጠጋ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

«ትንሽ አለባቸው» አለች ልጅቷ። «ቢታጠቡ ይለቃል።»

«በአፌ ነው የረጨሁባቸው» አለች እትዬ።

ያቺ ልጅ ደግ ነበረች፤ እግዜር ይስጣት። ትንሽ ነው፣ ሌላ ቦታ ከዚህ የባሰ አይተናል፣ አሁኑኑ በቧንቧ ውሃ ይታጠብ፣ ጨርቁን በላስቲክ አድርጋችሁ ስጡኝ፣ በርሜሉን ሰዎች መጥተው ይወስዱታል፣ እርጉዟን ሐኪም ይያት፣ አትደንግጡ አለች። ለእትዬ ደግማ ደጋግማ አስረዳቻት። እትዬ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። እንዳልሰማች ግን አየሁ። የበለጠ ያስደነገጣት እኮ ጠጋኙ ነው። አንዲት ቀልድ አልወጣውም። ቁልቁል ሄዶ ባልዲ ይዞ ተመለሰና ከምድር ቤቱ ቧንቧ ውሃ እያመላለሰ ከኛ ጋር ወለሉን አጠበ። ዘይታም ጉልበቱን አጥፎ።

ማታ ባለቤቴ ከጠጋኙ ወሬውን ሰምቶ ሲመጣ እትዬን ሻንጣዋን ዘግታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ወዴት ነው?»

«ላውንደሪው ጓዳ ውስጥ አልጋ አለ። እዚያ እሆናለሁ።»

«እትዬ፣ የለካችው ልጅ ትንሽ ነው ብላለች እኮ።»

«ትንሽ ያለችው ለኔና ላንተ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ምን ያህላል? ጡጫ አያህል። ለሱ ትንሹ ስንት ነው?»

«አንቺ አልሠራሽው፤ ከሰው አገር የመጣ ነገር ነው።»

«ከሰው አገርማ እስከ ጣሪያው ነው የመጣው። ከጣሪያው እስከ አልጋዋ ያመጣሁት እኔ ነኝ።» ተነሳች። «ተወልዶ በዓይኔ እስካየው ድረስ እጄን አላምነውም። ልቀቀኝ።»

ከልጅነቱ ጀምሮ እምቢ ብሏት አያውቅም፤ ለቀቃት።

ሐኪሙ አየኝ። ሆዴ ላይ አዳመጠ፤ ለኔም አስደመጠኝ፤ እንደሚሮጥ ፈረስ ነበር። በቀጥታ ወደ ላውንደሪው ሄድኩ። እትዬን ጠረጴዛዋ ላይ አላገኘኋትም፤ የአልጋ አንሶላ የሚተኮስበት የጓዳው ጥግ ነበረች። ላውንደሪውም የዝናብ ውሃውን ደፍቷል፤ ሌሎቹ ተኳሾች የቧንቧውን ውሃ አስቀምጠው፣ አጥልለው፣ እንደ ድሮው በአፋቸው መርጨታቸውን ቀጥለዋል። እሷ ግን አፏ ውስጥ ውሃ አላስገባ አለች። ከሳህን በእጇ እየጨለፈች ትረጫለች፤ ጠብ ጠብ እያለ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ደንበኞች ሸሚዝ መለሱ፤ የላውንደሪው ባለቤት ሸሚዝ ነሣትና አንሶላ ሰጣት። አንሶላ የጀማሪ ሥራ ነው። ይሄን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ አጠገቧ ያለችው ተኳሽ ናት በሹክሹክታ።

ስታየኝ ወደ ጠረጴዛው ጀርባ ሸሸች።

«እዚያው ቁሚ። አትጠጊኝ።»

«እትዬ፣ ልቡ ይመታል። ሰማሁት።»

«የሁሉም ይመታል።»

«ሐኪሙ ደህና ነው አለ።»

«ጣቱን ቆጠረው?»

«ሆዴ ውስጥ ሆኖ እንዴት አድርጎ ይቆጥረዋል?»

«እንግዲያው ምኑን ደህና አለ?» ካውያውን አነሳችና አንሶላው ላይ ጫነችው። ቀና ሳትል፣ «ትበያለሽ?» አለችኝ።

«እበላለሁ።»

«ጎመኑን ልጠሽ?»

«ልጬ።»

«ሂጂ በይ። እንፋሎቱ አይሆንሽም።»

እንዲህ ሆነን ወራቱ አለፉ። እኔ በመንገድ አልፋለሁ፣ እሷ በመስኮት ታየኛለች፤ ሆዴን እንጂ ፊቴን አታይም። ባለቤቴ ማታ ማታ ቤቱን ራሱ ይወለውላል፤ በቧንቧ ውሃ፤ ወለላችን ቡናማ መስመር በመስመር ሆነ። ጠጋኙ አንዳንዴ አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ፣ «ካውያ ብታየው ትታመም ነበር» ይላል፤ ከዚያ ይሄን በማለቱ ተጸጽቶ ይወርዳል።

ልጄን የወለድኩት ጠዋት ነው። ሴት። ትጮሃለች፤ የሆስፒታሉን ክፍል በጩኸት ሞላችው። ባለቤቴ ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ለእህቱ ሳይነግራት አልቀረም፤ ብዙም ሳትቆይ መጣች። የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። በሩ ላይ ቆመች፤ ክንዷ ላይ የጨርቅ ክምር ይዛለች። እጇን አየሁት፤ ከመታጠብ ብዛት ቆዳው ተሰነጣጥቋል።

«ቁጠሪልኝ» አለች።

ጨርቁን ገለጥኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ቆጠርኩላት፤ የእጇን ጣቶች፣ ከዚያ የእግሯን። ስጨርስ፣ «ድገሚው» አለች። ደገምኩት። አጠገቤ የተኙት ወላዶች የኔን እብደት አይተው እነሱም የየራሳቸውን መቁጠር ጀመሩ።

ያኔ ነው የገባችው። ክምሩን አልጋዬ ግርጌ አስቀመጠች። እነዚያው መጠቅለያዎች ናቸው፤ በቧንቧ ውሃ ደጋግማ አጥባቸዋለች፣ በእጇ እየረጨች ተኩሳቸዋለች። ጠርዝ ከጠርዝ እንደ ድሮው ገጥሟል፤ ግን ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነጠብጣብ ናቸው፤ እንደ ድርጭት እንቁላል።

«ነጠብጣብ አለባቸው» አለች፤ አንገቷን ደፍታ። «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

የላይኛውን አነሳሁ፤ ልጄን ጠቀለልኩባትና ሰጠኋት። አልቀበልም ልትል ወደኋላ አለች፤ እኔም እጄን እንደዘረጋሁ ቆየሁ፤ ወላድ እጇ ይዝላል፤ እሷ ደግሞ የዛለ እጅ አይታ አታልፍም። ተቀበለችኝ። አዲስ የተተኮሰ ልብስ እንደምትይዝ፣ ሁለት ክንዷን ዘርግታ፣ እንዳይጨማደድባት ያህል ሳትንቀሳቀስ ያዘቻት።

ወደ ቤት ተመለሰች። ሸሚዝም መለሱላት፤ ከቧንቧው ውሃ ጋር መላ ፈጠረች፤ በጠርሙስ ክዳን ላይ በመርፌ ቀዳዳ በስታ በዚያ መርጨት ጀመረች። በአፏ ግን ዳግመኛ አልረጨችም። ቀልዱም ተመለሰ። አንድ ነገር ብቻ አልተመለሰም፦ ልጄ ባስነጠሰች ቁጥር እትዬ ምግብ አትበላም። ጉንፋን ነው እንላታለን፤ ሳህኑን ገፋ ታደርጋለች። ጥርስ እያበቀለች ነው እንላታለን፤ አሁንም ትገፋዋለች። ልጅቷ ግን እንደ ፍየል ግልገል ነበረች፤ ደረጃውን በጎኗ የምትወርድ፣ የጠጋኙን ብስክሌት ሰርቃ አስፋልት ላይ የምትፈነገል። ጠጋኙ፣ «ካውያ፣ ይቺን ልጅ ያበላሻት ጨረር አይደለም፤ አንቺ ነሽ» ይላታል። እሷም ትስቃለች፤ ማታ ግን ልጅቷ ስትተኛ ግንባሯን ስትዳብስ አያታለሁ።

ልጄ ትምህርት ቤት ስለ ጨረር ተምራ የመጣች ቀን ትዝ ይለኛል። ኩሽና ውስጥ ድንች እየላጥን ነበር።

«አክስቴ፣ ያ ነገር እኮ በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። አስተማሪያችን ነገረን። አብዛኛው እስካሁን አልቋል።»

«ሲያልቅ አየሽው?»

«አይታይም እኮ!»

«እኔስ የምለው እሱን አይደል?»

«እኔ ደህና ነኝ፤ እይኝ እስቲ።»

እትዬ ቢላዋውን አስቀምጣ አየቻት፤ ከእግር እስከ ራስ። «አንቺማ ደህና ነሽ» አለች። «ያንቺን ልጅ ሳይ አምናለሁ።»

ቀልድ መስሎን ሳቅን። ጣሪያው ላይ በርሜሉ ቆሞበት የነበረው ቦታ ክብ የዝገት ምልክት ቀርቶ ነበር፤ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ዙሪያውን እዞራለሁ እንጂ አልረግጠውም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እትዬ ከነአካቴው ወደ ጣሪያ አትወጣም።

ልጄ አድጋ ወደብ ከተማ ሥራ አገኘች፤ እዚያው አገባች። እርጉዝ መሆኗን ስትነግረን እትዬ ጡረታ ወጥታ ነበር፤ ጉልበቷም ደክሟል። ዜናውን ከስልኩ ላይ ሰምታ፣ ሄዳ ያቺኑ ሻንጣ ከአልጋዋ ሥር ጎተተች። አንድ ወር ብቻ ብላ ነው የሄደችው። ባቡሩ ላይ የሸኘናት እኔና ባለቤቴ ነን፤ ጠጋኙም በምርኩዙ እያዘገመ መጥቶ ነበር፤ «እዚያ ሄደሽ ባሕሩንም እንዳትወለውዪው» አላት። በመስኮቱ እጇን አውጥታ ኮፍያውን መታችው።

ሕፃኑ የተወለደ ለት የደወለችው ልጄ አይደለችም፤ እትዬ ናት። ስልክ መያዝ አትወድም፤ ትጮህበታለች።

«ሙሽሪት! ቆጠርኩ!» አለች። «ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ!» ከዚያ ስልኩን ዘጋችው።

አንድ ወር ያለችው አላለቀም። ሕፃኑ ይዳህ አለች፣ ይቁም አለች፣ ከዚያ ሌላ ሕፃን መጣ። በዚህ መሃል ባለቤቴ ሞተ፤ ለቀብሩ መጥታ ሸሚዙን ራሷ ተኩሳ አለበሰችውና ተመልሳ ሄደች። ጠጋኙም ከሱ ቀጥሎ ሄደ፤ ሱቁ አሁን የስልክ ካርድ ይሸጥበታል። እኔ እዚያው ቤት ነኝ። ዝናብ ሲጀምር መስኮቱን ከፍቼ ወንበሬን አስጠጋለሁ።

እትዬ ካውያ አሁን ልጄ ቤት ነው ያለችው፤ ወደብ ከተማው ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሕንጻ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከኩሽናው ቀጥሎ ያለው ክፍል። ከደረጃው መውረድ አትችልም፤ ተቀምጣ ነው የምትተኩሰው አለችኝ ልጄ ባለፈው ስትደውል። እዚያ የቧንቧው ውሃ ጥሩ ነው አሉ።